ቃል እንደ መለኪያ፦ ዕፅ ተጠቃሚዎች ስለ ራሳቸው የሚሰጡት መረጃ ምን ያህል ይታመናል?

አንድ ሐኪም ከፊቱ የተቀመጠውን ታካሚ «ባለፉት ሠላሳ ቀናት ዕፅ ወስደዋል?» ሲል ይጠይቃል። ታካሚው ጥቂት ዝም ይልና «አልወሰድኩም» ብሎ ይመልሳል። ሐኪሙም ይህንኑ በካርዱ ላይ ያሰፍራል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ያ ቃል መረጃ ሆኗል። መድኃኒት ይታዘዝበታል፤ ከብዙ ሺህ ሌሎች ቃላት ጋር ተደምሮ የአገር አኃዝ ይሆናል፤ በአኃዙም ላይ ተመሥርቶ በጀት ይመደባል። ነገር ግን ቃሉ እውነት ነውን?

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ሰው አስቀድሞ የተዘጋጀ መልስ አለው፤ «ሱሰኛ አይታመንም» ይላል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው፣ መልሱ ብቻ ሳይሆን የጥያቄው አቀራረብ ራሱ የተሳሳተ መሆኑን ነው። በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ «ቴርሞሜትር ይታመናል ወይስ አይታመንም?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ የለም። የሚጠየቀው «ይህ ቴርሞሜትር፣ በዚህ የሙቀት ክልል፣ በዚህ ሁኔታ ሲለካበት ምን ያህል ይሳሳታል? ስሕተቱስ ወደ የትኛው ወገን ያደላል?» የሚለው ነው። የሰው ቃልም ወደ ሳይንስ ሲገባ አንድ የመለኪያ መሣሪያ ስለሚሆን፣ ልንጠይቀው የሚገባው ይህንኑ ነው።

ሁለት ዓይነት ስሕተት

ማንኛውም ልኬት ሁለት ዓይነት ስሕተት ይገጥመዋል። የመጀመሪያው የዘፈቀደ ስሕተት ነው። የአንድን ጠረጴዛ ርዝመት ዐሥር ጊዜ ብንለካ በጥቂቱ የሚለያዩ ዐሥር ቁጥሮች እናገኛለን። አንዱ ከእውነተኛው ርዝመት ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ይላል፤ አማካያቸው ሲወሰድ ግን ልዩነቶቹ እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ። ሁለተኛው ወጥ ስሕተት ይባላል። ሚዛናችን ምንም ሳይጫንበት ሁለት ኪሎ የሚያሳይ ከሆነ፣ ሺህ ጊዜ ብንመዝንበት ሺህ ጊዜ ሁለት ኪሎ ይጨምርብናል። ልኬትን መደጋገም የመጀመሪያውን ስሕተት ይቀንሳል፤ ሁለተኛውን ግን ከቶ አይነካውም።

ይህ ልዩነት ስለ ሱስ በሚደረጉ ጥናቶች ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። አንድን ሰው ዛሬ ጠይቀን ከሁለት ሳምንት በኋላ ብንጠይቀውና ተመሳሳይ መልስ ቢሰጠን፣ ያረጋገጥነው የመልሱን ወጥነት እንጂ ትክክለኛነቱን አይደለም። የተደጋገመ ሐሰትም ወጥነት አለው። ትክክለኛነትን ለማወቅ ቃሉን ከሌላ፣ ከእርሱ ነጻ ከሆነ መለኪያ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። በመሣሪያዎች ዓለም ይህ ሥራ ካሊብሬሽን ይባላል።

ቃሉ ከምን ጋር ይነጻጸራል?

ብዙውን ጊዜ ማነጻጸሪያ የሚሆኑት የሽንትና የፀጉር ምርመራዎች ናቸው። ኮኬይን በሰውነት ውስጥ ተለውጦ የሚተወው ቅሪት በሽንት ውስጥ የሚገኘው ከሁለት እስከ አራት ለሚደርሱ ቀናት ነው። ካናቢስን አዘውትሮ የሚወስድ ሰው ሽንት ግን ለሳምንታት ምልክት ሊያሳይ ይችላል። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ ሦስት ሴንቲሜትር ፀጉር የሦስት ወር ያህል ማኅደር ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ማነጻጸሪያው ራሱ ፍጹም አይደለም። የሽንት ምርመራ ከጥቂት ቀናት በፊት የሆነውን አያይም። የፖፒ ዘር የተነሰነሰበት ዳቦ የበላ ሰው ኦፒየም ነክ ዕፅ የወሰደ ሊመስል ይችላል፤ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለሠራተኞች ምርመራ የሚያገለግለውን የኦፒየም ነክ ዕፆች ወሰን እ.ኤ.አ. በ1998 በአንድ ሚሊ ሊትር ከ300 ወደ 2000 ናኖ ግራም ያሳደገው በዚህ ምክንያት ነበር። ፀጉርም የራሱ ወጥ ስሕተት አለው፤ ጥቁር ቀለም ያለው ፀጉር ከነጣ ፀጉር ይልቅ ኮኬይንን ይበልጥ ይይዛል፤ ከአካባቢ የሚያርፍበት ብናኝም ሊበክለው ይችላል። ስለዚህ ቃልና ምርመራ ሲለያዩ «ሰውዬው ዋሸ» ብሎ ወዲያው መደምደም፣ ሁለት ሰዓቶች ሲለያዩ አንዱን ብቻ ያለ ምርመራ እንደ መወንጀል ነው።

ሁለት ቦታ፣ ሁለት ውጤት

በዚህ ዘርፍ ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው ጥናት ከቬትናም ጦርነት ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በቬትናም የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ሄሮይን በብዛት መውሰዳቸው ስለተሰማ፣ ወደ አገራቸው ከመሳፈራቸው በፊት የሽንት ምርመራ እንዲያደርጉ ታዘዘ። የሶሲዮሎጂ ተመራማሪዋ ሊ ሮቢንስና ባልደረቦቿ በዚያው ዓመት መስከረም ወር ከተመለሱት መካከል 900 የሚሆኑትን፣ ከተመለሱ ከ8 እስከ 12 ወራት በኋላ፣ ማለትም በ1972፣ ፊት ለፊት አነጋገሩ። ዕፅ መውሰዳቸው በወታደራዊ መዝገብ ላይ ከሰፈረው መካከል 97 በመቶ ያህሉ ድርጊቱን ለጠያቂው አልሸሸጉም።

ከዚህም የሚደንቅ ነገር አለ። በመሳፈሪያው ላይ በተደረገው ምርመራ ሽንታቸው ዕፅ ያሳየው ከመቶ ዐሥር ያህሉ ብቻ ነበሩ። በቃለ ምልልሱ ግን ከመቶ ሃያ ያህሉ በቬትናም ሳሉ በሱስ ተይዘው እንደነበር ተናገሩ። ብዙዎች የምርመራውን ቀን አስቀድመው ስላወቁ ጥቂት ቀናት ታቅበው አልፈውት ነበር። እንግዲህ በዚህ ጥናት ከኬሚስትሪው ይልቅ ብዙ የተናገረው የሰው ቃል ነበር። ሽንት የሚያስታውሰው ቀናትን ነው፤ ሰው ግን ዓመታትን ያስታውሳል።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላ ቦታ እንሂድ። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በአሜሪካ ከተሞች በፖሊስ የተያዙ ሰዎች በተያዙ በ48 ሰዓት ውስጥ ስለ ዕፅ እንዲጠየቁና የሽንት ናሙና እንዲሰጡ የሚያደርግ ፕሮግራም ተጀመረ። ተሳትፎው በፈቃድ ነበር፤ ስም አይመዘገብም፤ ውጤቱም በክሱ ላይ አይውልም። ያም ሆኖ በሽንታቸው ውስጥ ኮኬይን ከተገኘባቸው መካከል በቅርብ ቀናት መውሰዳቸውን የተናገሩት ግማሽ ገደማ የሚሆኑት ብቻ ነበሩ።

ከ97 በመቶ ወደ ግማሽ የሚያወርድ ልዩነት ከየት መጣ? ዕፁም፣ ሰዎቹም፣ የተጠየቁበት ዘመንም አንድ አይደሉም። ዋናውን ልዩነት ግን ከተጠየቁበት ሁኔታ መፈለግ ይቻላል። የቬትናም ተመላሾች አብዛኞቹ ከሠራዊቱ ተሰናብተው ነበር፤ የተጠየቁትም ስላለፈ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ የወጣ ሕግም ስለ ዕፅ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች የመላሾቻቸውን ማንነት ለፍርድ ቤት ጭምር አሳልፈው እንዳይሰጡ ከለላ የሚሰጥበትን መንገድ ከፍቶ ነበር። ሌሎቹ ደግሞ በእስር ቤት ግድግዳ መካከል ሆነው ስለ ትናንት ተጠየቁ። «ስምዎ አይመዘገብም» የሚለው ቃል በዚያ ቦታ ምን ያህል ሊያሳምን እንደሚችል አንባቢ ይፍረድ።

አውስትራሊያዊው ተመራማሪ ሼን ዳርክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ቅኝት፣ ዕፅን በመርፌ የሚወስዱ ሰዎች ስለ ራሳቸው የሚሰጡትን መረጃ ከላቦራቶሪ ምርመራ፣ ከወንጀል መዝገብና ከቅርብ ሰዎች ምስክርነት ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶችን መርምሮ፣ መረጃው ለምርምር በሚበቃ መጠን ወጥና ትክክለኛ ነው ሲል ደምድሟል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የታተመ የወጣቶች ጥናት፣ የፀጉር ምርመራ ኮኬይንን የማግኘት ዕድሉ ከወጣቶቹ ከራሳቸው ቃል በ52 እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ሁለቱ ውጤቶች የሚጋጩ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አይጋጩም። የመጀመሪያው ስለ ሱሳቸው በግልጽ የሚታወቁ፣ ለመሸሸግ ብዙ ምክንያት የሌላቸው አዋቂዎችን ይመለከታል። ሁለተኛው ግን ከወላጆቻቸው ጋር የሚኖሩ፣ መናገር ብዙ የሚያሳጣቸው ልጆችን ይመለከታል። ስሕተቱን የሚወስነው ሱስ መኖሩ ሳይሆን፣ እውነት መናገር የሚያስከፍለው ዋጋ ነው።

ስሕተቱ ሁልጊዜ ወደ ማሳነስ ብቻም አያደላም። ሕክምና ለማግኘት ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ችግሩን ሊያገንነው ይችላል። ይህ ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው። ለሄሮይን ሱስ ሕክምና የሚሰጠው ሜታዶን ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ በቀናት ውስጥ ይጠራቀማል። ታካሚው ይወስድ የነበረውን መጠን አጋኖ ከተናገረ፣ ወይም አልኮልና የማረጋጊያ ክኒን አብሮ መውሰዱን ከሸሸገ፣ ለአንድ ሰው ፈውስ የሆነው መጠን የእርሱን ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ሐኪሞች በትንሽ መጠን ጀምረው በዝግታ የሚጨምሩት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ድርጊታቸው ታካሚውን መናቅ አይደለም፤ የልኬትን እርግጠኛ አለመሆን ከግምት ማስገባት ነው።

ሳይዋሹ መሳሳት

እስካሁን የተናገርነው ሰው እያወቀ ስለሚሸሽገው ነገር ነው። ሰው ግን ሳይዋሽም ይሳሳታል። የመጀመሪያው ምክንያት ትዝታ ነው። «በቀን ስንት ሲጋራ ያጨሳሉ?» ተብለው የተጠየቁ ሰዎች መልስ በግራፍ ሲቀመጥ በ10 እና በ20 ላይ ተራራ ይሠራል፤ 17 ወይም 23 የሚል ብርቅ ነው። ሃያ የአንድ ፓኮ ቁጥር ነው፤ ሰዎች የሚያስታውሱት ፓኮውን እንጂ ሲጋራውን አይደለም። እንዲሁም የማይረሳ ነገር ከሆነበት ጊዜ ይልቅ የቀረበ መስሎ ይታያል፤ ከስምንት ወር በፊት የሆነው «ባለፉት ስድስት ወራት» ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛው ምክንያት መስፈሪያው ነው። በአገራችን ጫት የሚቅም ሰው «በቀን አንድ እስር» ቢለን ምን ያህል ግራም እንደሆነ አላወቅንም። እስሩ ከቦታ ቦታ፣ ከዓይነት ዓይነት ይለያያል፤ በውስጡ ያለው የካቲኖን መጠንም ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። ርዝመቱ በየገበያው በሚለዋወጥ ክንድ እንደ መለካት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉም የከፋ ነው፤ ሰውዬው ራሱ አያውቅም። እ.ኤ.አ. ከ2013 ገደማ ወዲህ በሰሜን አሜሪካ ሕገ ወጥ ገበያ ፈንታኒል የተባለ፣ ከሄሮይን በብዙ እጥፍ የሚበረታ ሰው ሠራሽ ዕፅ በሰፊው ገብቷል። ገዢው ሄሮይን ብሎ የገዛው ፈንታኒል ሆኖ ይገኛል። «ሄሮይን ወስጃለሁ» ሲል ከልቡ እውነት ይናገራል፤ ቃሉ ግን ትክክል አይደለም። ሄሮይንን ለመለየት የተሠራው የተለመደው የሽንት ምርመራም ፈንታኒልን አያይም። ሁለቱም መለኪያዎች በአንድ ጊዜ ይስታሉ፤ በመካከሉ የሚሞተው ሰው ነው።

የአጠያየቅ ጥበብ

መሣሪያችን እንዲህ ከሆነ፣ እንዴት እናሻሽለው? አራት መንገዶችን እናንሣ።

የመጀመሪያው ለትዝታ ችሎታ መስጠት ነው። ሊንዳና ማርክ ሶቤል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያዳበሩት ዘዴ የቀን መቁጠሪያን ይጠቀማል። መላሹ አስቀድሞ በዓላትን፣ የደመወዝ ቀናትን፣ ሠርግና ለቅሶን በመቁጠሪያው ላይ ያሰፍራል። ከዚያም በእነዚህ ዙሪያ የወሰደበትን ቀንና መጠን ይሞላል። «ባለፉት ሦስት ወራት ስንት ጊዜ?» ከሚለው ይልቅ «ከፋሲካ በፊት በነበረው ሳምንትስ?» የሚለው ለሰው አእምሮ ይቀርባል።

ሁለተኛው ጠያቂውን ከፊት ማንሣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ 1690 ወንድ ወጣቶች በተሳተፉበት ጥናት፣ አንዳንዶቹ በወረቀት መጠይቅ፣ ሌሎቹ ደግሞ ጥያቄውን በጆሮ ማዳመጫ እያሰማ መልሱን በሚቀበል ኮምፒዩተር እንዲመልሱ በዕጣ ተመደቡ። ዕፅን በመርፌ ወስደናል ያሉት በኮምፒዩተሩ በኩል ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ሆነው ተገኙ። ወጣቶቹ በዕጣ ስለተከፋፈሉ በሁለቱ ወገኖች መካከል ሌላ ልዩነት አልነበረም፤ የተለወጠው መጠየቂያው ብቻ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ማታለል ነው። ኤድዋርድ ጆንስና ሃሮልድ ሲጋል እ.ኤ.አ. በ1971 ባቀረቡት ዘዴ፣ መላሹ ውስጡን ያነብባል ከተባለ ማሽን ጋር ይያያዛል። ማሽኑ ምንም አያነብም፤ ነገር ግን መላሹ «መጋለጤ አይቀርም» ብሎ ስለሚያስብ እውነቱን ለመናገር ይገፋፋል። ሐሰትን በሐሰት የማውጣት ዘዴ ስለሆነ፣ በሳይንስ ሥነ ምግባር በኩል ሁልጊዜ ጥያቄ ሲነሣበት ኖሯል።

አራተኛው ለሒሳብ ወዳጆች የሚጥም ነው። ስታንሊ ዋርነር እ.ኤ.አ. በ1965 ያቀረበው ይህ ዘዴ ማንንም ሳያታልልና የማንንም ምስጢር ሳይገልጥ የሕዝቡን አኃዝ ያወጣል። በምሳሌ እንየው። ለ600 ተማሪዎች ዳይ ተሰጥቶ እያንዳንዱ ማንም ሳያየው ይጥላል እንበል። ከ1 እስከ 4 ከወጣለት «ባለፈው ወር ወስጃለሁ» ለሚለው ዐረፍተ ነገር፣ 5 ወይም 6 ከወጣለት ደግሞ «ባለፈው ወር አልወሰድኩም» ለሚለው «እውነት» ወይም «ሐሰት» ብሎ ይመልሳል። የትኛው ዐረፍተ ነገር እንደደረሰው ጠያቂው አያውቅም። ስለዚህ «እውነት» ያለው ተማሪ ወሳጅም ሊሆን ይችላል፣ ያልወሰደም ሊሆን ይችላል።

አሁን 240 ተማሪዎች «እውነት» አሉ እንበል። የወሳጆቹ ድርሻ 20 በመቶ ቢሆን ምን እንደምንጠብቅ እናስላ። ከ600ው 400 ያህሉ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይደርሳቸዋል፤ ከእነርሱ 20 በመቶ፣ ማለትም 80 ተማሪዎች፣ «እውነት» ይላሉ። የቀሩት 200 ሁለተኛው ይደርሳቸዋል፤ ከእነርሱ 80 በመቶ፣ ማለትም 160 ተማሪዎች፣ «እውነት» ይላሉ። ድምሩ 240 ነው። እንግዲህ የወሳጆቹ ድርሻ 20 በመቶ መሆኑን አወቅን፤ ወሳጁ ማን እንደሆነ ግን አናውቅም፤ ማወቅም አንችልም።

ይህ በነጻ አይገኝም። ሁሉም እውነት ይናገራል ብለን በቀጥታ ብንጠይቅ፣ በ600 ሰዎች ላይ የሚኖረው የናሙና ስሕተት 1.6 በመቶ ነጥብ ያህል ይሆን ነበር። በዳዩ ዘዴ ግን ወደ 6 በመቶ ነጥብ ያድጋል። ወጥ ስሕተትን ለመቀነስ ስንል የዘፈቀደ ስሕተትን በፈቃዳችን ጨመርን ማለት ነው። ሆኖም ቀደም ብለን እንዳየነው፣ የዘፈቀደ ስሕተት የመላሾችን ቁጥር በማብዛት ይቀነሳል፤ ወጥ ስሕተት ግን በማብዛት አይቀነስም። ልውውጡ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት፣ በሕይወታቸው ጫት ቅመው እንደሚያውቁ የተናገሩት ከወንዶች 27 በመቶ፣ ከሴቶች 12 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ የተካሄደው ፊት ለፊት በሚደረግ ቃለ መጠይቅ ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህሉ የመቃም፣ ምን ያህሉ የመናገር ልዩነት ነው? በብዙ የአገራችን ክፍሎች ሴት ልጅ «እቅማለሁ» ስትል የምትከፍለው ዋጋ ወንዱ ከሚከፍለው ይበልጣል። ስለዚህ ቁጥሮቹ የሚነግሩን ስለ ጫት ብቻ ሳይሆን ስለ ማኅበረሰቡ ዓይንም ጭምር ነው።

ሕግም የጥያቄን ክብደት ይለውጣል። ጫት በኢትዮጵያ አልተከለከለም፤ በብሪታንያ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ተከልክሏል። በለንደን የሚኖር ኢትዮጵያዊ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲጠየቅ ስለ ልማዱ የመናገር ጉዳይ የነበረው፣ ከዓመት በኋላ ጥፋትን የማመን ጉዳይ ሆኖበታል። የጥያቄው ቃላት አንድ ፊደል ባይለወጡም፣ ጥያቄው ግን ያው አይደለም።

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በዩኒቨርሲቲ ቆይታቸው መጠይቅ ሞልተዋል፤ አንዳንዶቹም ለመመረቂያ ጽሑፋቸው መጠይቅ ያዘጋጃሉ። መምህሩ በክፍል ውስጥ አድሎ፣ ጓደኛ ከጓደኛ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ የሚሞላው፣ ከዚያም መምህሩ ራሱ የሚሰበስበው መጠይቅ በላዩ «ምስጢራዊ» የሚል ቃል ስለተጻፈበት ብቻ ምስጢራዊ አይሆንም። በቤተ ሙከራ የክፍሉን ሙቀትና የመሣሪያውን ዓይነት እንደምንመዘግብ ሁሉ፣ ማን እንደጠየቀ፣ የት እንደተጠየቀ፣ ስም ተጽፎ እንደሆነ፣ መልሱን ማን እንደሚያይ፣ እውነት መናገር መላሹን ምን ሊያሳጣው እንደሚችል አብሮ መመዝገብ ይኖርበታል። ይህ ሳይጻፍ «ከተማሪዎቹ ይህን ያህል በመቶ ይቅማሉ» ማለት፣ አሃዱ ሳይጠቀስ የተጻፈ ቁጥር ነው። ትክክለኛው አገላለጽ «ይህን ያህል በመቶ እንቅማለን ብለዋል» የሚለው ነው።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ምሳሌያዊ አነጋገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጥፋቱን በሙሉ በታማሚው ላይ ይጥላል። ከላይ ያየናቸው ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ያው ሰው በአንድ ቦታ ይደብቃል፣ በሌላ ቦታ ይናገራል። ለውጡን ያመጣው አመሉ ሳይሆን፣ ጠያቂው ማን እንደሆነና ከመልሱ በኋላ ምን እንደሚከተል ነው። ስለዚህ በመግቢያችን ላይ ያየነው ታካሚ «አልወሰድኩም» ሲል፣ ሐኪሙም ሆነ ተመራማሪው «ይዋሻል ወይስ አይዋሽም?» ከማለቱ በፊት፣ «እውነቱን ቢነግረኝ ምን ይደርስበታል?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ ለእውነቱ ይበልጥ ይቀርባል።